ለብቸኝነት ሁለት ምስክር

እናትና አባቱ የሞቱበት ተማሪ በመንግሥት የትምህርት ድጎማ ቅጽ ላይ የራሱ መስመር አለው፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። አባቱ በሕይወት እያለ የጠፋበት ግን መግቢያ የለውም። የዴልሲ ራትሊፍ መከራም ይኸው ነበር። እናቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሞተችባት። አባቷ ዶይል ሸለቋቸው ውስጥ ያለው የከሰል ማዕድን ሲዘጋ መጠጡንም የሚያደነዝዝ ክኒኑንም አንድ ላይ ጀመረና፣ እሷ አሥራ ሰባት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሕጉ ግን "አባት አለሽ" ይላታል። አባት ካለሽ ገቢውን ያሳይ፣ ይፈርም። ሃያ አራት ዓመት እስኪሞላሽ ወይም እስክታገቢ ድረስ የአባትሽ ልጅ ነሽ። ያለ አባት ፊርማ ድጎማ የፈለገ ሰው ብቻውን መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ አንዴ አስረድቶም አይገላገልም፣ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ እንደገና ነው። አንድ ደብዳቤ በራሷ እጅ፣ ሁለት ደብዳቤ ደግሞ ዘመድ ካልሆኑ ሰዎች። ሰው ለጋብቻው ወይም ለመሬቱ ምስክር ሲቆጥር ሰምተናል፤ ለብቸኝነቱ ምስክር የሚቆጥር ግን ዴልሲን አየን።

የመጀመሪያውን ዓመት ደብዳቤ ስትጽፍ ሦስት ወረቀት በእንባ አበላሽታ ነበር። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው። በምትሠራበት ማደያ ጓሮ፣ የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ በእረፍት ሰዓቷ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው። "አባቴ አያኖረኝም። የት እንዳለ አላውቅም። ከሄደ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ አላነጋገርኩትምም።" ፈረመችበት።

ነርስ ለመሆን የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ ያለ ድጎማው አይገፋም። ድጎማው በውጤትም ነው የሚጠበቀው፣ ትምህርት እያቋረጠ የሚጥል ሰው ይነጠቃል። ዴልሲ አንድም አልጣለችም። የሰውነት አካላትን ያጠናችው ማደያው ኩሽና ውስጥ ለመጥበስ ዶሮ ስትገነጣጥል፣ የአጥንቱን ስም ጮክ ብላ እየጠራች ነው። ደንበኞቹ ለዶሮው ጸሎት የምታደርስለት ይመስላቸው ነበር።

ከምስክሮቿ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ ወንድም ኤስቲል ነው፤ እሱ ጽፎ ሰጥቷታል። ሌላው የማደያው ኃላፊ ሎኒ ነው።

"አሁንም ብቻሽን ነሽ?" አለ ሎኒ ባዶ ወረቀት ስታቀብለው።

"ምነው፣ ጠረጠርክ?"

"አይ፣ አንዱን አግብተሽ ከዚህ ጣጣ ትገላገያለሽ ብዬ ነው። ያ ዳቦ የሚያመጣው ልጅ ሁልጊዜ ሁለት ዳቦ በስህተት ይጨምርልሻል።"

"ለድጎማ ብዬ ባል ልያዝ?"

"ሰው ለባሰ ነገርም አግብቷል" አለና፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ።

ሲሰጣት አነበበችው። "ዴልሲ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ሠርታለች። ለምስጋና ቀን በዓልም ለገናም ሁልጊዜ ሥራ እኔ ልግባ የምትለው እሷ ናት። የሥራ ቅጿ ውስጥ አደጋ ሲደርስ የሚደወልለት ሰው በሚለው ቦታ ላይ ምንም አልሞላችም። እኔ የራሴን ቁጥር ጻፍኩበት።"

ቁጥሩን መጻፉን አታውቅም ነበር። ዶሮ ላውጣ ብላ ማቀዝቀዣ ክፍል ገባችና እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ እዚያው ቆመች። ብቻ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ብቻ መሆንን በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን ሌላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዴልሲ ዱቄት እያሸች ሳለ ሎኒ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

"ትናንት አንድ ሰው ጠይቆሽ ነበር። ቀጭን ሰውዬ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያናገረኝ፣ መጠጥ መጠጥ አይልም። እሑድ መቃብር ትመጣ ይሆን አለኝ። ቁጥሩንም ሰጥቶኛል።" የተጣጠፈ ደረሰኝ ከኪሱ አወጣ።

የዴልሲ እጅ ዱቄቱ ውስጥ ቆመ። "ጣለው" አለች።

"ዴልሲ፣ ሰውየው እኮ…"

"ማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ! እኔም አልሰማሁ፣ አንተም አላየህ። ፈርመህልኝ የለ እንዴ? ውሸታም መሆን አማረህ?"

"እኔ የፈረምኩት ብቻዋን ናት ብዬ ነው እንጂ…"

"ሎኒ፣ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። በናትህ ጣለው።"

ሎኒ ትንሽ አያትና ደረሰኙን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው።

ምን ያለች ሞኝ ናት የምትሉ ካላችሁ፣ በዚያ ሸለቆ አላደጋችሁም ማለት ነው። አያቷ በወጣትነቷ የምግብ ኩፖን ትቀበል ነበር፤ ኩፖኑ ወንድ ለሌለበት ቤት የሚሰጥ ነው። የተለያት ባሏ አንድ እሑድ የሚያፈስ ጣሪያዋን ሊጠግን መጣ። መኪናው ግቢዋ ውስጥ ሲቆም አንዷ ጎረቤት አየች፣ ለመሥሪያ ቤቱ ደወለች፣ በሳምንቱ ኩፖኑ ተቆረጠ። ያን ክረምት አምስት ልጆች ባቄላና የበቆሎ ቂጣ ሲበሉ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን ሊያዩ የሚመጡ አባቶች መኪናቸውን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አቁመው በእግራቸው ይወርዳሉ። ዴልሲ ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ኮሌጁ ውስጥ አባትሽን አትዪ ያላት ሰው አልነበረም፤ እሷም ልየው ወይ ብላ አልጠየቀችም። መንግሥትን የጠየቀ ይጠረጠራል፣ እንዲህ ብላ ነው ያደገችው።

ሆኖም የመቃብር እሑድ የማይቀርበት ቀን ነው። ከየከተማው የተበተነ ዘመድ ሁሉ ይመለሳል፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ ድንጋዩ ይታጠባል፣ አበባ ይደረደራል፣ ከዚያም እዚያው ኮረብታ ላይ ምሳ ይበላል። ሴቶቹ ሳህን እንዳይቀያየር በየክዳኑ ላይ ስማቸውን በፕላስተር ይለጥፋሉ። ዴልሲ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብቅ ልትል ወሰነች። ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ ሊመሽ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ በእናቷ አሮጌ መኪና ወጣች። መኪናዋ ቀይ ነች፤ አንዱ በሯ ግን አረንጓዴ ነው። ከወዳደቁ መኪኖች መሀል ፈልጎ የገጠመላቸው አባቷ ዶይል ራሱ ነበር።

ኮረብታው ሥር ኩርባው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችና ፍሬን ያዘች። ሰው ሁሉ ሄዷል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። የእናቷ መቃብር ፊት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ሌላ ወንበር ተዘርግቷል፣ ባዶውን።

ሞተሩን አጥፍታ መቀመጫዋ ላይ ወደ ታች ተንሸራተተች። የመንገዱ ዳር ትልቁ ዛፍ ይጋርደኛል ብላ አሰበች። በመሪው መሀል አሾልካ አየችው። ከስቷል። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንዲያ እንዲያደርግ ነበር የምትጨቀጭቀው። ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ባዶው ወንበር ሰዶ አስተካከለው፣ ደልደል አደረገው። አባዬ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ መጣ። እጇ የመኪናውን በር ያዘ።

ቦርሳዋ ግን አጠገቧ ነው፣ ሦስቱ ደብዳቤዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ዓመት፣ አለች ለራሷ፣ አንድ ዓመት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኩትን ሰው አያለሁ። ይሄዳል ብላ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። አልሄደም። መኪናዋን አስነስታ ወደ ኋላ አዞረችና ተመለሰች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደገና መጣች፤ አሁን ማንም አልነበረም፣ መኪናዋን እስከ መቃብሩ አጥር ወሰደቻት። ድንጋዩ ታጥቧል። አንደኛው ወንበር ተነሥቷል፣ ሁለተኛው እንደተዘረጋ ቀርቷል። ወንበሩ ላይ አሮጌ የቅቤ ዕቃ አለ፣ ክዳኑ ላይ ውሻ እንዳይከፍተው ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩን ስታነሣ ፕላስተር ተለጥፎ አየች፣ ፕላስተሩ ላይ በዚያ በተጣመመ ጽሑፉ "ዴልሲ" ይላል። ውስጡ በፖም ጭማቂ የተነባበረ ስስ ኬክ ነበር፣ የእናቷ ቤተሰብ ኬክ። የትኛዋን አሮጊት ለምኖ እንዳስጋገረው እግዜር ይወቅ።

ቆማ በላችው። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ብትቀመጥ ከእሱ ጋር እንደተቀመጠች የሚቆጠርባት መሰላት።

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። አርብ ዕለት ደብዳቤዎቹን ይዛ ኮሌጁ የድጎማ ቢሮ ሄደች። እዚያ የምትሠራው ወይዘሮ ናፒየር ነች፤ የሚቀጥለው ሸለቆ ልጅ ነች፣ ሦስቱንም ዓመት የተቀበለቻት እሷ ናት። ወረቀቶቹን አንብባ ጨረሰችና እንደ ልማዷ ጠየቀች።

"ከአምናው የተለወጠ ነገር አለ?"

"የለም" አለች ዴልሲ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። "ወይዘሮ ናፒየር፣ አየሁት።"

"ማንን?"

"አባቴን። ከሩቅ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። አላናገርኩትም፣ በእግዚአብሔር እምልልዎታለሁ። ኬክ ትቶልኝ ነበር፣ በልቼዋለሁ። ኬኩ እንደ እርዳታ ከተቆጠረ…"

ወይዘሮ ናፒየር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምንድን ነው የምታወሪው፣ የኔ ልጅ?"

"አላየሁትም ብዬ ፈርሜያለሁ፣ አሁን ግን አይቼዋለሁ። መዋሸት ስላልፈለግኩ ነው።"

"ያኖርሻል?"

"ኧረ አያኖረኝም።"

"ለትምህርትሽ ይከፍላል?"

"ሰውየው ለራሱም የለው።"

"በቃ! እኛ የምንጠይቀው ያስተምርሻል ወይ ነው እንጂ ታይዋለሽ ወይ አይደለም። ብትፈልጊ በየእሑዱ አብረሽው ምሳ ብዪ፣ ለኔ ምኔ ነው? ማነው እንዳታዪው የነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። የሰውየው መኪና ግቢ ውስጥ ከታየ ብዬ…"

አልጨረሰችውም፣ መጨረስም አላስፈለጋትም። ወይዘሮ ናፒየር ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። "የኔም አባት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር የሚያቆመው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ውይ፣ አንቺ ልጅ። ይኼ እኮ ያኛው ኩፖን አይደለም።"

ማኅተሟን አንሥታ ወረቀቱን መታችው። ዴልሲ ዓመቱን አገኘች። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ነገር ማኅተም ለመምታት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ደጅ ወጥታ ዝናቡ ያባራው ሜዳ ላይ ቆማ ሎኒ ጋ ደወለች።

"ሎኒ፣ ያ ቁጥር…"

"የቱ?"

"ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የሰጠኸኝ። ልትሰጠኝ የነበረው።"

ከኋላው የሚጠበስ ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። "ጣለው አልሽኝ እኮ። ቆሻሻው ማክሰኞ ተወስዷል።"

"የት እንዳረፈ አልነገረህም?"

"መንገድ ላይ የሰው መኪና እየለመነ ከቴነሲ ግዛት እንደመጣ ነው የነገረኝ። ሰኞ ጠዋት እዚያ ሥራ መግባት አለብኝ ብሎ ነበር። ዴልሲ፣ ባስቀምጠው ኖሮ…"

"እኔ ነኝ ጣለው ያልኩህ" አለችና ዘጋችው።

ወደ ክፍሏ አልሄደችም። ወደ ኮረብታው ነዳች። ዝናቡ ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ አጨቅይቶት ስለነበር መኪናዋን ኩርባው ላይ፣ ዛፉ ሥር አቁማ በእግሯ ወጣች። ወንበሩ እዚያው ነበር፤ ሸራው ውኃ አቁሯል። ገልብጣ አፈሰሰችው፣ በእጅጌዋ ጠረገችው፣ እንደነበረም ዘርግታ ተቀመጠችበት። ለእናቷ ድንጋይ ምን እንደምትል አላወቀችም። "ዓመቱ ተፈቀደልኝ" አለች፤ ለማን እንደተናገረችው ግን እሷም አላወቀችም።

ከዚያ ቀና አለች። ኩርባው ከወንበሩ ፊት ለፊት ነበር። ዛፉ ከመንገድ ሲያዩት ይጋርዳል፣ ከዚህ ሆነው ሲያዩት ግን ቅርንጫፉ ወዲያ ማዶ ነው፤ አንዲት ጎማ እንኳ አልሸፈነም። መኪናዋ እዚያ ሜዳ ላይ እንዳለች ሆና ትታያለች፣ አረንጓዴው በር ወደ ኮረብታው ዞሯል።

አርባ ደቂቃ ሙሉ አይቷታል። ስትደበቅ አይቷታል፣ ዞራ ስትሄድም አይቷታል። ወንበሩንና ኬኩን ትቶላት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።