ከሙሽራው ብሩሽ ውስጥ የወጣች ወረቀት

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ለማንም ሳላወራ ቆይቻለሁ። ደብቄው አይደለም፤ ከየት እንደምጀምረው ስላላወቅሁ ነው። ዛሬ ከብሩሹ ልጀምር።

እኔ አሮጌ የጺም ብሩሽ እጠግናለሁ። ኢዝሚር ከተማ፣ ከመራልቲ የሚባል ገበያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የምትጨናነቅ ሱቅ አለችኝ። ሰው ከአያቱ ሣጥን ወይ ከፈረሰ ቤት ያገኘውን ብሩሽ ይዞልኝ ይመጣል። ፀጉሩ የረገፈ ይሆናል፤ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ሳሙናው እንደ ድንጋይ የደረቀበት ይሆናል። እዘፈዝፈዋለሁ፣ እፍቀዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ፤ ከዚያ የፈረስ ጭራ ፀጉር እንደ ነዶ አስሬ እተክልበታለሁ። አንዳንዱ ሰው የአባቱን ብሩሽ እንደ አዲስ ሆኖ ሲያየው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ለዚያ ብዬ ነው እስከ ሰባ አራት ዓመቴ የሠራሁት።

ሥራውን ያስተማረን የሙያ አባታችን ኡስታ በህዛት ነው፤ ነፍሱን ይማረው። እኛ ዘንድ የሙያ አዋቂ ኡስታ ይባላል። «ያስተማረን» ማለቴ እኔንና ሳፌትን ነው። የሳፌት ሱቅ ከኔ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ስድስት እርምጃ ነው። እሱ ቀንድ በቶርኖ እየጠረበ እጀታ ይሠራል። ብሩሽም ይሰበስባል። ባለ መስታወት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ደርድሯል፤ የእያንዳንዱን ታሪክ ቢጠይቁት ሰው ሥራ ያስፈታል። አምሳ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆውን ከበሩ ላይ ሆኖ ወደኔ ከፍ ያደርጋል፤ እኔም የኔን ከፍ አደርግለታለሁ። ሰላምታችን ያ ነው።

ኡስታ በህዛት አንድ የማይላላ ሕግ ነበረው። ነዶው የሚተከልበትን ጉድጓድ ከመዝጋታችን በፊት ስማችንንና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ሰም ቀብተን፣ ከሥር እናስገባለን። የቀደመ ሰው ወረቀት ካለ አይወጣም፤ የኛ ይጨመርበታል። የምንዘጋውም በጥድ ሙጫ ብቻ ነው፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይለቃል። «ከናንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው ማን እንደነካው ይወቅ» ይለን ነበር። ወረቀት ሳያስገባ የዘጋ ያን ቀን ምሳ አይበላም። እኔ አንድ ጊዜ ተከልክያለሁ፤ ሳፌት ሁለት ጊዜ።

ኡስታ ለራሱ ሠርግ የሠራው አንድ ብሩሽ ነበረው። እጀታው የጎሽ ቀንድ ነው፤ በጥቁሩ መሐል የማር መልክ ያለው ቀጭን መስመር ይወርድበታል። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ ሙሽራ ለሠርጉ ሲላጭ ሳሙና የሚቀባው በዚያ ብሩሽ ነው። ሴት ልጁ ሙዜየን በ1988 ስታገባ ነዶውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቴንም ከኡስታ ወረቀት ላይ አስቀምጫለሁ። ኡስታ ያረፈ ጊዜ ሙዜየን ብሩሹን በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ልጄ እስኪያገባ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ ቤት ውስጥ ሰው ይጥለዋል» አለችኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከሳፌት በር ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ያየዋል።

ልጇ ኮርሃን ሊያገባ አምስት ቀን ሲቀረው ብሩሹን አወረድኩት። ፀጉሩን ብል ጀምሮታል። ነዶውን ልቀይርለት ብዬ ውሃ ጣድኩ። ሳፌት እንደ ልማዱ ቦዮዝ የምንለውን ቅባታም የጠዋት ቂጣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ የተቀቀለ እንቁላሉን በኪሱ ይዞ ገባ።

«እንቁላሉን ቀቅዬ አምጥቼልህ ደሞ ምን ትቀቅላለህ?» አለኝ።

«የሙሽራውን ብሩሽ ልከፍተው ነው።»

ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ምን ሆነና? አንድ ጉንጭ ሳሙና መቀባት አያቅተውም እኮ።»

«ብል በልቶታል።»

«አንተንስ ብል በልቶህ የለም? ማን ከፈተህ?»

«እኔንማ ዶክተሩ ዓይኔን ከፍቶልኛል። ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆንክ ያኔ ነው ያየሁት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህች ነገር እስከ ምሳ ድረስ መልስ አያጣም። ያን ቀን ግን ብሩሹን አየ፣ ውሃውን አየ፣ «ሎሚ ረሳሁ» ብሎ ወጣ። ቦዮዝ በሎሚ የሚበላ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እኔ ሞኙ ግን ሳቅሁበት።

ሙጫው ለቀቀልኝ። ነዶውን ቀስ ብዬ ጠምዝዤ አወጣሁት። ሁለት ወረቀት ነበር የጠበቅሁት፣ የኡስታ ቢጫዋንና የኔን። የወጣችው አንዲት ነጭ ወረቀት ናት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኳት።

«ሳፌት። ኖቬምበር 11፣ 2019።»

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ‹ሳልሰማ ጠግኖልኝ ኖሯል› አልኩ። በእውነት፣ ላመሰግነው ነበር። ቀጥሎ ‹የኔ ወረቀትስ? የኡስታስ?› አልኩ። ጉድጓዱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ኡስታ ያን ጉድጓድ በቢላ ነው የፈለፈለው፤ ስድሳ ዓመት ሙጫ ጠጥቶ ጠቁሯል። ይሄኛው በቶርኖ የወጣ፣ ገና ንጹሕ፣ ክብ። እጀታው ራሱ ሌላ ነው፣ ልጆቼ። ክብደቱ ያው፣ ጭረቱ ያው፣ የማሩም መስመር ያው። ያን መስመር ለማግኘት ስንት ቀንድ ሰንጥቆ ይሆን?

ቀኑን ደግሜ አየሁት። የዚያን ኖቬምበር ዓይኔ ላይ የወጣብኝን ሞራ ተገፍፌ አሥር ቀን ተኝቻለሁ። ሆስፒታል የወሰደኝ ሳፌት ነው። የሱቄን ቁልፍ ዓይኔ በጨርቅ እንደተሸፈነ ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ የምስር ሾርባ ያመጣልኝ ነበር፤ ማንኪያውን እስከ አፌ ድረስ።

ወረቀቷን ይዤ ስድስቱን እርምጃ ተሻገርኩ። ሳፌት ከቶርኖው ፊት ተቀምጧል፤ ቶርኖው አይሠራም። ሎሚም አልገዛም።

«ይቺ የማን ጽሕፈት ናት?» አልኩት።

ወረቀቷን እንኳ አላያትም። «የኔ ናት» አለ።

«ብሩሹ የታለ?»

«የለም። ከውጭ አገር ለመጣ ብሩሽ ሰብሳቢ ሰጠሁት። ለዋወጥኩት።»

«በምን?»

በአገጩ ወደ ቁም ሳጥኑ አሳየኝ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ ብሩሾች አሉ፤ የዝሆን ጥርስና የብር እጀታ ያላቸው። አውቃቸዋለሁ። «ወዳጄ፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው የጣለብህ!» ብዬ ደስ ብሎኝለት ነበር። ከነሱም ሁለቱን በገዛ እጄ ጠግኜለታለሁ። ክፈል አላልኩትም፤ የወዳጅ ሥራ ነው ብዬ።

የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኡስታን አሥራ አንድ ዓመት አገለገልኩት» አለ ሳፌት። «አንተ ስትመጣ እኔ ቀንድ እጠርብ ነበር። ሲሞት ልጁ ያን ብሩሽ ይዛ በኔ በር አልፋ ወደ አንተ ገባች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በየቀኑ ከበሬ ላይ ሆኜ የማየው ምን ይመስልሃል?»

«ብትነግረኝ ምን ነበር? ግማሽ ዓመት አንተ ጋ፣ ግማሽ ዓመት እኔ ጋ ይቀመጥ ነበር።»

ከቶርኖው ላይ የቀንድ ፍቅፋቂ በመዳፉ ጠረገ።

«እሺ፣ ሰረቅህ። ስምህን ለምን አስገባህበት?»

«ሳልጽፍ ልዘጋው ሞክሬ ነበር» አለኝ፣ እጆቹን እያየ። «ሁለት ጊዜ ሙጫውን አፍስሼ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። እጄ እምቢ አለኝ፣ ጀቭደት። በዚህ ዕድሜዬ ምሳ የሚከለክለኝ ሰው ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ።»

«ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሻይህን ወደኔ ከፍ ስታደርግ ምን ትል ነበር በሆድህ?»

«‹ዛሬም አልከፈተውም› እል ነበር።»

ከዚህ በላይ ባይናገር ምናለ። እሱ ግን ተነሥቶ እጄን ያዘኝ። «ወረቀቷን አቃጥላት። የኡስታን ስም ጻፍና ዝጋው። ኮርሃን ምን ያውቃል? እናቱስ ምን ታውቃለች? ካንተና ከኔ በቀር የሚለየው ሰው በምድር ላይ የለም።» እውነቱን ነው፤ የለም። እጄን አስለቅቄ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሙዜየን ወደምትኖርበት ወደ ማዶው ሰፈር፣ ወደ ካርሺያካ፣ በመርከብ ተሻገርኩ። ብሩሹን በዚያው በመሐረቧ ጠቅልዬዋለሁ። ሙዜየን እንደ ታላቅ ወንድሟ ስለምታየኝ አቢ ነው የምትለኝ።

«ጀቭደት አቢ፣ ምነው ፊትዎ? አሞዎታል እንዴ?»

ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር፣ ቁልፉንም ጨምሬ። ብሩሹን ወስዳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለች። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ቀጥላ ደግሞ በቀስታ፣ «ቁልፉን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

ብሩሹን በመሐረቡ መልሳ ጠቅልላ ወደኔ ገፋችው። «ልጄን በምን ሊቀቡት ነው እንግዲህ?» አለችኝ።

«ያለኝን ብሩሽ ሁሉ ላምጣና አንቺ ምረጪ።»

«ብሩሽ አላይም። በእጅዎ ይቀቡት። የአባቴ ወረቀት ከጠፋም፣ ያስተማረው እጅ አለ።»

ኮርሃንን ግቢያቸው ውስጥ ከወይኑ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ከበሮው ይመታል፣ ዙርናው ይነፋል፣ ጓደኞቹ ይጨፍራሉ። ሳሙናውን በመዳፌ አረፋ አድርጌ ጉንጩን ቀባሁት።

«ኡስታ፣ እጅዎ ብርጭቆ ወረቀት ነው እንዴ! ምላጩ ሳይመጣ ተላጨሁ እኮ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የአያቱ አገጭ ነው ያለው፣ ያችው መሐሏ ሰርጎድ ያለች። እዚያች ላይ አረፋውን ሁለት ጊዜ ቀባሁ።

ፀጉር አስተካካዩ መላጨት ጀመረና እንደ ወጉ ግማሽ ላይ ምላጩን አቆመ። እዚህ ላይ አንድ ሰው «ምላጩ ዶለዶመ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ የሙሽራው ጓደኞች ኪሳቸውን ዳብሰው ገንዘብ ካልሰጡት ምላጩ አይቆርጥም። በሰፈራችን ሠርግ ሁሉ ያን የሚጮኸው ሳፌት ነበር፤ ድምፁ ጣሪያ ያነሣል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ዙሪያውን ፈለገው። አልመጣም። እኔ መጮኹን ትቼ እጄ ላይ የቀረውን አረፋ ጠረግሁ። ዘግይቶ የሙሽራው አጎት ጮኸና ነገሩ አለፈ። ሙዜየን ግን ከደረጃው ላይ ሆና አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ያ ብሩሽ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ሙዜየን አልወሰደችውም። አዲስ ነዶ አሰርኩለት። የሳፌትን ወረቀት መልሼ አስገባሁ፤ አይወጣማ፣ ሕጉ ነው። ከላዩ የኔን ጨመርኩበት፤ «ጀቭደት። ከፈትሁት። ጁን 2022።» በጥድ ሙጫ ዘግቼ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከድሮው ቦታው መለስኩት።

ሳፌት ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆማል። ብርጭቆውን ወደኔ ከፍ ያደርጋል። ክንዱ ደክሟል፣ ሻዩ እየተንቀጠቀጠ ይፈስሳል፤ አያለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው። የኔን ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ልጆቼ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ።