ላይ ነው

ከሦስት ጥይት ሁለቱን ካልመታሁ የጥበቃው ሥራ የሽብሩ ነው። እሱ አንድ መትቶ ጨርሷል፤ እኩል ከወጣን ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ይቀድመኛል። ገደብ ከተማ አጠገብ ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚፈልገው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው። የሚፈትኑን ጡረታ የወጡት ወታደር ጋሽ ፈለቀ ናቸው።

ዒላማው ለሁለት የታጠፈ ማዳበሪያ ነው፤ ከቀይ አፈር ግድግዳ ፊት ተሰቅሏል። ከሥሩ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አቶ ዘነበ ቁጭ ብለው ጥይቱ የት እንዳረፈ ይጮኻሉ። አማርኛ ሲናገሩ ያሳጥራሉ።

በደረቴ ተኝቼ የክላሹን ሰደፍ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩ። ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ብድግ ብሎ ማዳበሪያውን ከለለብኝ።

«ላይ ነው!» አሉ አቶ ዘነበ።

እኔም አይቻለሁ፣ ላይ ነው። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ዲላ ስማር የፊዚክስ መምህራችን ጥይት ወደ ፊት ሲሄድ ጠብመንጃ ወደ ኋላ ይገፋል ብለውናል። ወደ ላይ የሚል ደብተሬ ውስጥ የለም። ታዲያ ምን አነሳው?

«እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» አለ ሽብሩ ከኋላዬ።

ለማንኛውም ብዬ ከማዳበሪያው በታች ያለውን አፈር አነጣጥሬ ተኮስኩ። አፈሙዙ እንደገና ብድግ አለ።

«ታች! አፈር ነው!»

ጋሽ ፈለቀ አጠገቤ በርከክ አሉ። «የመጀመሪያውን መትተህ ምን ሆነህ ነው ዝቅ ያደረግከው?»

«ከፍ ብሎ ነዋ። አቶ ዘነበ ላይ ነው አሉ።»

«ማዳበሪያው ላይ ነው ማለታቸው ነው፣ አንተ ልጅ።»

ሽብሩ እስኪያስለው ሳቀ።

«በዓይኔ እኮ አይቻለሁ፣ ብድግ ሲል።»

«በርሜሉ የት ነው? ትከሻህ ሰደፉን የያዘውስ የት ነው? በርሜሉ ከፍ ይላል። ግፊቱ በላይ በኩል ይመጣል፣ ትከሻህ በታች በኩል ይገታዋል። አፈሙዙ ሌላ ወዴት ይሂድ? ግን ብድግ ሲል ጥይቱ ሄዷል። አንተ የምታየው ያለቀ ነገር ነው። መሐሉን ያዝ።»

ገባኝ። ወዲያው ደግሞ ጠፋብኝ። ጥይቱ በርሜሉ ውስጥ እያለስ መግፋት አልጀመረም? ጋሽ ፈለቀን ግማሽ አመንኳቸው፣ ዓይኔንም ግማሽ። ስለዚህ የማዳበሪያውን የታችኛውን ጠርዝ ይዤ ምላጩን ሳብኩ።



«አፈር» አሉ አቶ ዘነበ፣ ቀስ ብለው።

ጋሽ ፈለቀ ክላሹን ተቀበሉኝና ሽብሩን ሰኞ ጠዋት እንዲመጣ ነገሩት። እኔ ከሸሚዜ ላይ አቧራውን አራገፍኩ።

«ጋሼ፣ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ትንሽም አይነሳም?»

አፈሙዙን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉ። «ትንሽማ…» አሉ። የቀረውን ስጠብቅ፣ «የዲላ መኪና ሳያመልጥህ ሂድ» አሉኝ።