ባለ አባ ኮዳዎቹ

ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ያላት የኔነሽ ከጓሮዋ የማይጠፋውን አባ ኮዳ አምርራ ትጠላዋለች። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ አቋቋሙ የጡረተኛ ዳኛ የሆነ ወፍ ነው፤ ደንበኛ የጋጠውን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል። ትኬት ቢሮ የሚሠራው ሠርፀ ይህንኑ ወፍ ፎቶ አንስቶ፣ አንዱ ላይ ዘውድ፣ አንዱ ላይ መነጽር እየሣለ፣ ባለቤትነቱ በኢንተርኔት የሚመዘገብ ዲጂታል ቶከን ነው ብሎ መሸጥ ጀመረ።

«የንዬ፣ አንዱን ግዢ። በዓለም ላይ ብቸኛዋ ባለቤት አንቺ ትሆኛለሽ።»

«ወፉ ጓሮዬ ቆሞ ፎቶውን ልግዛ? ይልቅ ወፉን በነፃ ውሰድልኝ!»

ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በኋላ ግን ባንክ የምትሠራው ዶርቃ ባለዘውዱን ገዝታ የቴሌግራም ፎቶዋ አደረገችው። ምን ይጠቅምሻል ሲሏት ፈገግ ብቻ አለች። የሠርፀ ምላስ ያልቻለውን ያቺ ፈገግታ ቻለችው። ወፍም ሥዕልም ግድ የማይሰጠው ኮንትራክተሩ ባምላክ እንኳ ባለመነጽሩን ገዛ። ቀጥሎ ባለቤቶች ብቻ የሚገቡበት ግሩፕ ተከፈተ።

የኔነሽን ያንገበገባት ይሄ ነው። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ወንበሯ ተቀምጠው ስልካቸውን እያዩ ይንከተከታሉ፤ እሷ ስትጠጋ ጸጥ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«የባለቤቶች ጉዳይ ነው» አለ ባምላክ አፉን እየጠረገ።

ጥቂት ቀን ቻለች። ከዚያ ሠርፀን ጓዳ ጠርታ ባለቆቡን አባ ኮዳ ገዛች። ግሩፑ ውስጥ እንደገባች የቆየውን ወሬ ከላይ ጀምራ አነበበች። ስለ ቶከን አንድ ቃል የለም። ሁሉም ስለ እሷ ነው። «ሽሮዋ ውስጥ ዓሣ ቢለቀቅ ይዋኛል»። «ጥብሷን ለጎማ ጠጋኝ እንውሰድለት»።

በማግስቱ ምሳ ላይ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ዶርቃን ትን አላት።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም የንዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ ባምላክ።

«ሽሮው ከቀጠነ ፊት ለፊት አትነግሩኝም?»

«ብንነግርሽ ታባርሪናለሻ!» አለች ዶርቃ።

የኔነሽ ልትቆጣ አስባ ሳቋ አመለጣት። አላባረረቻቸውም፤ ሽሮውም ወፈረ። ቶከኖቹን ግን መልሶ የሚገዛ ጠፋ። ግሩፑም ጭር አለ፤ እሷ እያለች ማንን ይሙ?

ባለፈው ሰሞን ዶርቃና ባምላክ ኮሎሎ ሰፈር ሌላ ምግብ ቤት ሲስቁ ታዩ፤ ስልካቸው ላይ የሠርፀ አዲሱ ቶከን፣ ባለከረባት ጉማሬ አለ። የኔነሽ ይህን ስትሰማ ወጡን እሳት ላይ ትታ ለሠርፀ ደወለች።

«አንድ ጉማሬ ያዝልኝ።»