በግድግዳው የወጣው ልጅ

ምራቷ ሰዕዲያ መፅነሷን ጣሂራ ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው፤ ልጅቱ ከባሚያ ወጥ ፊቷን ያዞረች ቀን። ዐውቃ ዝም አለች። ፅንስ ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ አይወራበትም። በኋላ ሆዱም ተናገረ፣ ሰዕዲያም አፏን ፈታች። ምን ልብላ? በየትኛው ጎኔ ልተኛ? ሲያለቅስ ቶሎ ላንሳው ወይስ ልተወው? ገና ያልተወለደው ልጅ በእሷ ጥያቄ ተወልዶ፣ ድክ ድክ ብሎ፣ ቁርአን ቤት ገብቶ ነበር። ጣሂራም መልስ በሰጠች ቁጥር «ኻልቲ ብኸይታ ትል እንደነበረው» ብላ ትጀምራለች።

«ይቺ አክስትሽ ስንት ወልዳ ነው ይህን ሁሉ ያወቀችው?» አለች ሰዕዲያ አንድ ቀን እየሳቀች።

«አንድም አልወለደች።»

«ታዲያ?»

ጣሂራ ግራ እጇን ገለበጠችና ከአውራ ጣቷ ሥር ያለችውን የጥርስ ጠባሳ ዳሰሰች። «ባልሽን ያሳደገችው እሷ ናት» አለች።

ነገሩ የሆነው የቤኒሻንጉል ወርቅ ለግብር በሚታጠብበት፣ ዝናቡ ሲያባራ ሴቱ ሁሉ ወንዝ ለወንዝ በሚውልበት በዚያ ዘመን ነው። ጣሂራ ያን ጊዜ ከአሶሳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር የነጋዴው የሐምዳን ሚስት ነበረች። ሐምዳን አህዮቹን ነድቶ ኩርሙክ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ትንሽ መቃብር ጠበቀው። የመጀመሪያዋ ልጅ አርባዋ ሳይሞላ፣ ሁለተኛው ጥርስ ሊያወጣ ድዱን ሲያክከው ሞቱ። ሐምዳን በሰው ፊት አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያ ግን ከመንገድ ሲገባ በቀጥታ ወደ በሩ አይመጣም ነበር፤ ጓሮ ቆሞ ያስላል፤ ከቤት የሚመጣለትን ድምፅ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ሲፀነስ ብኸይታ ነገሩን በእጇ አስገባች። የጣሂራ እናት ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ከጣሂራ ቤት በአንድ የሮቃ ዛፍ ብቻ የሚለይ።

«ወርቅ ማጠብ ቀረ» አለች መጀመሪያ። «ጎንበስ ብለሽ የምትፈልጊው ወርቅ ሆድሽ ውስጥ ነው።»

እንስራ መሸከም አስቀረች። የማሽላ ገንፎ በሰሊጥ አድርጋ ጠዋት ጠዋት አቀረበች። ሐምዳንንም አልማረችውም። «የሽፍታ ወሬህን ከአህያው ጋር አራግፈህ ግባ! ያረገዘች ሴት የሚነገራት የገበያ ቀልድ ነው» ትለዋለች። እሱም እንደ ልጅ እየታዘዘ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው፣ ከኩርሙክ ቀልድ ሸምድዶ ይመጣ ጀመር። አንዱንም በትክክል አይጨርሰውም። ጣሂራ የምትስቀው በዚያ ነበር።

«ሲወለድስ ኻልቲ?» አለቻት አንድ ማታ። ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ይብስባታል።

«ሲወለድ እገዛዋለሁ።»

በመንደሩ ልጅ ደጋግሞ የሞተባት ሴት ቀጥሎ የወለደችውን ትሸጣለች። ሞት የቤቱን በር ለምዷልና ልጁ በበር አይወጣም፤ የቀርከሃው ግድግዳ ተፈልቅቆ በቀዳዳው ይወጣል፤ በማይሞትበት ቤት፣ የሌላ ሴት ልጅ ሆኖ ያድጋል። አናቱ ላይ ቁንጮ ይተዉለታል። ያችን ቁንጮ የምትላጨው ገዢዋ ብቻ ናት፤ ያም ልጁ ኸልዋ፣ ማለትም ቁርአን ቤት፣ በሚገባበት ቀን ነው። ያን ቀን እናቲቱ የተሸጠበትን ትመልሳለች፤ ልጁም በበር ይገባል። ገዢዋ ሳትላጨው የወሰደ ሰው ልጁን ለሞት መልሶ ሰጠ ማለት ነው።

ልጁ በተወለደ ጠዋት አዋላጇ ዓኢሻ ግድግዳውን ፈልቅቃ ጠበቀች። ብኸይታ ከውጭ እንደ ገበያተኛ ጮኸች።

«እዚህ ቤት የሚሸጥ ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ!»

«አለ፤ ግን የገበያ ትራፊ ነው!» አለች ዓኢሻ ከውስጥ።

«እስቲ ልየው። ኧረ ወዲያ! ይህ ልጅ ነው ወይስ የደረቀ ቅል? ጆሮው ደግሞ የሐምዳን አህያ ጆሮ!»

«ካልፈለግሽ ተይው፤ ስንት ገዢ ቆሟል!»

«ከኔ በቀር ማን ሞኝ አለና? እናቲቱ ምን ትላለች?»

ጣሂራ ከተኛችበት ቀና ሳትል ሕጉ እንደሚያዘው «አይረባም፤ ውሰጂው» አለች። አንድ እፍኝ ማሽላ በቀዳዳው ገባ፤ ልጁ በቀዳዳው ወጣ። ሊያዩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። ኋላ ስታስበው እሷና ብኸይታ አልሳቁም ነበር።

ብኸይታ ሙርሳል አለችው። ጣሂራ ለገዛ ልጇ አጥቢ ሆነች። የሮቃውን ዛፍ ተሻግራ ታጠባዋለች፣ አጥብታ ትመለሳለች። «ልጄ» አትልም፤ «ያ የብኸይታ ልጅ» ነው የምትለው። አርባው አለፈ፣ የጥርሱም ጊዜ አለፈ። ሐምዳን ጓሮ ቆሞ ማሳሉን ሳይታወቀው ተወ።

ብኸይታ አይታ የማትመክረው ነገር አልነበረም። «ሲወድቅ አትሩጪ። መጀመሪያ የሚያየው ፊትሽን ነው፤ አንቺ ካልደነገጥሽ ይነሳል።» «ሲዋሽ አትምቺው፤ እሺ ከዚያስ በይው፤ ውሸቱ ራሱ ያደክመዋል።» ጡት የሚተውበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ፦ «አሁን አባትሽ መንደር ሂጂ። ስትወጪ ዘወር ብለሽ እንዳታዪ። ጡት ሲጣል የሚጎዳው ልጁ አይደለም፤ እሱ ይረሳል።»

ጣሂራ ሄደች፤ ዘወርም አላለች። የባምባሲን መንገድ ጡቷ ተወጥሮ፣ ልብሷ በወተት ርሶ ነው የጨረሰችው። ስትመለስ ሙርሳል አፉን ፈትቶ ነበር። ብኸይታን «እማ» አላት። እሷን ትኩር ብሎ አይቶ፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራት «ጣሂራ» አላት።

ብኸይታ ከተናገረችው ሁሉ ጣሂራን የወጋት አንዱ ነው። «ልጅ ፍቅሩን ለአላፊ አግዳሚው ይበትናል» አለች አንድ ቀን ማሽላ እያበጠረች፣ ክፋት ሳታስብ። «ራበኝ የሚለው ግን እናቱን ነው።» ሙርሳል ጣሂራ ቤት ይመጣል፣ ይጫወታል፣ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ገንፎ ስታቀርብለት ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ይበላል፤ እንግዳ እንደሚያደርገው ከጣባው ታች ጥቂት ያስተርፋል። ከዚያ የሮቃውን ዛፍ ሳያልፍ «እማ፣ ራበኝ!» እያለ ሲሮጥ ትሰማዋለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር፤ የኸልዋውን ቀን።

የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ሐምዳን ወደ መምህሩ ወደ ፈኪ አልአሚን ሄዶ ልጁን አስመዘገበ፤ አባት እንደሚለው «ሥጋው ላንተ፣ አጥንቱ ለእኛ» ብሎ። ብኸይታ ይህን ስትሰማ፣ «ሐምዳን የማንን ሥጋ ነው የሚያከፋፍለው?» አለች። ሰው ሳቀ። ጣሂራ አልሳቀችም።

«ጥርሱ ይብቀል እንጂ፤ በድዱ ነው የሚቀራው?» አለች ብኸይታ መጀመሪያ። ጥርሱ በቀለ። «ወንዙ ሞልቷል፤ ኸልዋው ከወንዝ ማዶ ነው» አለች። ወንዙ ጎደለ። «ሰሞኑን ያስለዋል» አለች። ሙርሳል አንድም ቀን ሲስል ጣሂራ አልሰማችም።

እኩዮቹ ቁርአን የሚጻፍበትን የእንጨት ሎሃቸውን በብብታቸው ይዘው በሮቃው ሥር ሲያልፉ ሙርሳል ዛፉ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። «አንተ ባለ ቁንጮ!» ይሉታል። «ጡት አልጣልክም እንዴ?» እሱም የሮቃ ፍሬ እየቀጠፈ ይወረውርባቸዋል።

አንድ ቀትር ሙርሳል ጣሂራ ቤት እንቅልፍ ወሰደው። ጣሂራ የሐምዳንን ምላጭ አወጣች። ቁንጮዋ በትራሱ ላይ ተበትና ነበር፤ ምላጩን አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው ያበቃል። ምላጩን አስጠጋች። ልጁ በእንቅልፉ ተነፈሰ፤ የዚያች አርባዋ ሳይሞላ የሞተች ልጇ ትንፋሽ ትዝ አላት። ምላጩን ጣራው ሥር መልሳ ሸጎጠችና እስኪነቃ ድረስ ዝንብ እያባረረች ተቀመጠች።

ሲመሽ አንድ እፍኝ ማሽላ ይዛ የሮቃውን ዛፍ ተሻገረች። ብኸይታ ደጇ ላይ ነበረች።

«የልጁን ማሽላ አመጣሁ ኻልቲ።»

«አስቀምጪው። ሳሉ ሲተወው...»

«አያስለውም።»

ብኸይታ ከደጇ ጭራሮ አንስታ ሰበረች።

«ቀማሽኝ ልልሽ አልመጣሁም» አለች ጣሂራ። «ባትገዢው ኖሮ ዛሬ ሦስት መቃብር ነበረኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ጡት ሳስጥለው ምን ብለሽኝ ነበር?»

ብኸይታ የማሽላውን እፍኝ አየችው እንጂ አልነካችውም።

«ትንሽ ዕድሜ ነው የቀረኝ ጣሂራ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ቢቆይልኝ...»

«እኔም ያኔ ትንሽ ቢቆይ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሻል» አለች ብኸይታ። «ስድ ነሽ ብዬ ተቆጣሁሽ።» ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ጣሂራ ማሽላውን አፈሰሰችላት።

በማግስቱ ጠዋት ብኸይታ ሙርሳልን በእጁ ይዛ በፊት ለፊቱ በር መጣች። አናቱ ተላጭቶ ቅባት ጠጥቶ ያበራል፤ በብብቱ አዲስ ሎሃ ይዟል። ዓኢሻና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሐምዳን በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ቆመ።

«የገዛሁትን መለስኩ» አለች ብኸይታ። የልጁን እጅ በጣሂራ እጅ ላይ አስቀመጠች፣ ዞረች፣ ሄደች። ዘወር ብላ አላየችም።

ሙርሳል ነገሩ የገባው ከሮቃው ዛፍ ስታልፍ ነው። «እማ!» ብሎ ጮኸ። ሊያመልጥ ታገለ። ጣሂራ ያዘችው፤ ጎንበስ ብሎ ግራ እጇን ከአውራ ጣቷ ሥር ነከሳት። ደሟ ሎሃው ላይ ተንጠባጠበ። አልለቀቀችውም። አልተቆጣችውም፣ «እናትህ እኔ ነኝ» ብላም አልጮኸችም። ሐምዳን አዝሎት ወንዙን አሻገረው።

ከሰዓት በኋላ ልጆች ከኸልዋ ሲመለሱ ጣሂራ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሙርሳል ከሮቃው ሥር ደረሰ። ወደ እሷ ቤት የሚወስደውን መንገድ አየ፣ እሷንም አየ፤ ወደ ብኸይታ ቤት ሮጠ። በሩ በገመድ ታስሯል። ብኸይታ ጠዋት ልጁን አስረክባ ከዚያው ሳትቀመጥ ወንድሟ ዘንድ ባምባሲ ሄዳለች፤ ለማንም ሳትናገር፣ ያስተማረችውን ራሷ ልትፈጽም።

ልጁ ገመዱን ጎተተ፣ በሩን መታ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጣሂራ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እጇ በጨርቅ ታስሯል። ሰባት ዓመት የተማረችው «ልጄ» አለማለትን ነው። ፀሐይ ወደ ኩርሙክ በኩል አዘቀዘቀች። ሙርሳል የታሰረውን ጨርቅ በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን መለሰ። ሎሃው ላይ መምህሩ የጻፈለትን የመጀመሪያ ፊደል በእጅጌው እንዳያጠፋው ወዲያ ፈቀቅ አድርጎ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ ታሰረው በር እንዳዞረ፣

«ጣሂራ» አለ።

«እ።»

«ራበኝ።»

ጣሂራ ታሪኩን እዚህ ስታደርስ ሰዕዲያ ማማሰያውን ረስታው ነበር፤ ገንፎው ከታች አረረ።

«ከዚያ በኋላስ? ብኸይታ ሳትመለስ ቀረች?»

ተመልሳለች። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ከስታ፣ የባምባሲ ማር ይዛ መጣች። ሙርሳል ከሩቅ አይቷት ሮጠ፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ዞሮ «ሃቦባ መጣች!» ብሎ ወደ ጣሂራ ቤት ጮኸ፤ ሃቦባ አያት ማለት ነው። ማን እንዳስተማረው ጣሂራ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እሷ አላስተማረችውም። ብኸይታ ቃሉን ስትሰማ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ገባች።

ጣሂራ ገንፎ አቀረበችላት። ብኸይታ በላች፤ አመሰገነች፤ እጇን ሰበሰበች። ጣሂራ ጣባውን ልታነሳ ስትል ከታቹ ጥቂት ተርፎ አየች። መልሳ ፊቷ አስቀመጠችው።

«ጨርሺው ኻልቲ» አለች። «ማን እንግዳ አደረገሽ?»

ብኸይታ ጣባውን ወደ ጉያዋ ሳበችና የቀረውን በጣቷ ጠርጋ በላች።