ለጉልበቴ የተባለው ቅቤ

ልጆቼ፣ ስቃችሁብኝ ስታበቁ ስሙኝ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ዳገት ስድሳ ዓመት በእግሬ ወጥቻታለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና ቅዳሴውን ደጄ ላይ ተቀምጬ በድምፅ ማጉያ መስማት ጀመርሁ። ይህን እንዴት ልቻለው?

ሰኔ ላይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ በአጥንትዎ መጋጠሚያ ያለው ልስላሴ አልቋል፤ የሄደው አይመለስም። አሥር ኪሎ ቢቀንሱ ግን ሸክሙ ይቀልለታል፣ ሕመሙም ይታገሥልዎታል» አለኝ።

ቅቤውን ተውሁ፤ እንጀራዬን በግማሽ አደረግሁ። የፍልሰታ ጾምም አገዘኝ። መስከረም ላይ ስድስት ኪሎ ቀንሼ ግድግዳ ሳልይዝ ተነሣሁ። ዳገቷንም ሁለት ጊዜ እያረፍሁ ወጣኋት።

ከዚያ ጉልበቴ እንደገና ያዘኝ። ጥቅምት ላይ ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ብወጣ አራቱ ኪሎ ተመልሷል። ምግቤን የምትሠራው ልጄ እስከዳር ናትና ጠየቅኋት።

«ሽሮው ላይ ቅቤ ጨምሬ ነው። በፍስክ ቀን ብቻ» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሳይነካው አልቀረም። ጣፍጦኝ ዝም ብያለሁ። በራሴም ተናደድሁ፣ በእርሷም ተናደድሁ።

«ለምን?»

«ጉልበትሽ ደርቆ ነዋ የሚንቋቋው። ቅቤ ካልገባው በምን ይለሰልሳል?»

«የጋሪ ጎማ ነው እንዴ? ሐኪሙ ያለውን ነግሬሽ የለም?»

«እሱ ልጅ ነው።»

«አንቺስ የስንት ዓመት ሐኪም ነሽ?»

«እናቷን አስራበች እያሉ ወንዝ ላይ ሲያሙኝ ሰማሁ» አለች።

«ይሙሽ። እኔ በቁሜ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቻለሁ» አልኋት። አለቀሰች። እኔም ማባበል አቃተኝ።

ኅዳር ሲገባ፣ ሌላ ሁለት ኪሎ ቀንሼ፣ እሑድ ጠዋት እርሷን ተደግፌ ዳገቷን ጀመርሁ። መካከል ላይ ጉልበቴ እሳት ሆነብኝ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። ወንጌሉ ሲነበብ እዚያው ነበርሁ። ይህን ሁሉ ተርቤ ግማሽ ዳገት!

ጎረቤታችን የብርጓል አርፍዳ ስትወጣ አየችን።

«እማማ ሥራነሽ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? ልጅዎ አታበላዎትም እንዴ?» አለች እየሳቀች።

የእስከዳር ፊት ተለዋወጠ። እኔ መልስ ሳሰናዳ እርሷ ቀደመችኝ።

«አላበላትም። ገና ስድስት ኪሎ ይቀራታል» አለች፣ ብብቴን ይዛ ብድግ እያደረገችኝ።