ለእንግዳ የተጠረገው ጫካ

የኮረብታውን የደን ሠራተኞች አለቃ፣ ሠራተኞቹ «አለቃ ጽዱ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲመነጥርና ሲገርዝ የኖረ ሰው ነው። ደርቆ የቆመ ዛፍ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። «የሞተ ነገር እንዴት ቆሞ ይታያል?» ይላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «አንተማ ቢመችህ ቅጠሉንም አንድ በአንድ ታጥበው ነበር» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከእሷ የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ናት። ስለ ወፍ ተምራ ተመረቀችና እዚያው አባቷ በሚሠራበት ኮረብታ ላይ ተመደበች። ሲነጋ አቅራቢ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ አባቷም ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ሰማይ ትቆጥራለች» ብሎ ይመልሳል፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በኩራት።

የኮረብታው ታችኛው ወገብ በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ሥሩ ራቁቱን ነው፤ ከቁራ በቀር ደፍሮ የሚሰፍርበት የለም። ላይኛው ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም ሙቱም ተደጋግፎ የሚኖርበት የጥንት ጫካ ነው። እዚያ ግንደ ቆርቁሩ አለ፣ ጉጉቱ አለ፣ ስሟን ልጅቱ ብቻ የምታውቃት መዳፍ የማትሞላ የቁጥቋጦ ወፍ አለች። ምንቃሩ ከራሱ የሚበልጥ ጥቁር ወፍም አለ። የዚህኛው ሚስት ለመፈልፈል ስትደርስ የደረቀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ባልየው በቀጭን ቀዳዳ እያጎረሰ ያኖራታል።

መሥሪያ ቤቱ ይህንን ላይኛውን ጫካ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ሊያደርገው አሰበ። ልጅቱ እምቢ አለች። ጻፈች፣ ተመላለሰች፣ ደጅ ጠናች። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ ይይ» ተባለ። እንዳለችው ወፉ ዓይነቱ ከበዛ ጫካው ይተርፋል፤ ካልሆነ መጋዝ ይገባል።

ለስብሰባ ሳምንት ተቀምጣ ኮሚቴውን ይዛ ልትመጣ ወደ ከተማ የምትወርድ ዕለት፣ ሻንጣዋን እየዘጋች አማረረች።

«ቁጥቋጦው ዓይን ይጋርዳል አባዬ። ወፉ ይጮኻል እንጂ አይታይም። ሰዎቹ ደግሞ ያላዩትን አያምኑም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምን ይደረጋል፤ እንዳመጣው ነው። አንተ ብቻ እንግዶቼን ደህና አድርገህ ተቀበልልኝ።»

ጉንጩን ስማው ሄደች። አባት ይህችን ቃል ይዞ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው።

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ላይኛው ጫካ ገባ። ቁጥቋጦውን መነጠሩት፣ ሐረጉን በጠሱት፣ ደርቆ የቆመውን ሁሉ እየጣሉ ጎተቱት። መጋዝ የሚይዘው ሰው አፉ አያርፍም፤ ስለዚህ «ወሬኛው» ይባላል።

«አለቃ፣ ለኮሚቴ ነው ወይስ ልጅዎን ሊድሩ ነው?»

«አፍህን ከምታሠራ መጋዙን አሠራ!»

ተሳሳቁ። ቀጥሎ የጣሉት ግንድ ግን መሬት ሲነካ ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ፣ የክንፏ ላባ የረገፈ ያቺ ጥቁር ወፍ፣ ጫጩቷን እንደታቀፈች ሞታ ተገኘች። ባልየው ከላይ እየዞረ ይጮኻል። ወሬኛው መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አለቃ... እንተወው ይሆን?»

አለቃ ጎንበስ ብሎ በእጁ አፈር ጫረና ሁለቱን ቀበራቸው። ከዚያ ዞር ብሎ የተጠረገውን አየ። ብርሃን እስከ መሬት ወርዷል፤ ከዚህ እስከ ማዶ ግንዱ አንድ በአንድ ይታያል። ልጁ እንግዶቿን እዚህ አቁማ ስታሳይ ታየችው።

«የአንዷ ዕድል ነው» አለ። «ሥራው በግማሽ አይቀርም።»

ልጅቱ ኮሚቴውን ይዛ የመጣች ጠዋት፣ አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጫካው ደፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከመኪና ስትወርድ እየሳቀች ነበር። ቀና ስትል ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ቁጥቋጦው ይጋርዳል አላልሽም? አሁን ምን ይጋርድሻል?»

ኮሚቴውን ይዛ ገባች። ቆሙ፣ ሄዱ፣ ቆሙ። መነጽራቸውን አነሱ፣ አወረዱ። አንድ ቁራ መጥቶ ጉቶ ላይ ተቀመጠና አያቸው።

«ከሳምንት በፊት እዚህ ነበሩ» አለች ጉቶውን እያሳየች። «የሚፈለፍሉበት ዛፍና የሚደበቁበት ቁጥቋጦ ነው የተቆረጠው። ጥናቴን አይታችሁታል።»

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። «አይተነዋል እህቴ። የመጣነውም እሱን በዓይን ለማረጋገጥ ነው። እኔ የሌለ ወፍ አለ ብዬ ልፈርም?»

አባት ከኋላ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ቀረብ ብሎ ክንዷን ያዘ።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ? ዛፉ ቤታቸው ነው ብትዪኝ እኮ እጄ ይቆረጥ ነበር።»

«ለወረዳው ተናግሬያለሁ፣ ለከተማው ተናግሬያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንተን... የምታውቅ መስሎኝ ነበር። በየቀኑ እዚህ ነህ።»

ስለ ቀበራት ወፍ ሊነግራት ጀመረና ተወው፤ ክንዷን ለቀቀ።

ሰብሳቢው መሬቱን በጫማው እየመታ ዞረ። «መቼም እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ የጸዳ ደን አይቼ አላውቅም። ለተከላው ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ማን ነው የሠራው?»

ሠራተኞቹ ወደ አለቃቸው ተመለከቱ።

«እርስዎ ነዎት አባት? ባሕር ዛፉን የሚያስተክል ሰው ስንፈልግ ነበር። ከእኛ ጋር ቢቀጥሉስ?»

አለቃ ጽዱ እሺ ቢልም፣ እምቢ ቢልም ልጁ ፊት የሚቆምበት እግር አልነበረውም።

«ይቀጥላል» አለች ልጅቱ። «ከእሱ የተሻለ አታገኙም።»

ፊቷን ፈተሸ። ብታሾፍበት፣ ብትሰድበው ይቀለው ነበር፤ አላሾፈችም። እውነቷን ነው። በሰው ፊት ስታመሰግነው የመጀመሪያዋ ነበር። መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች፤ እሱም ሠራተኞቹ እያዩት እንደሆነ ትዝ ሲለው፣ ጎንበስ ብሎ መንገዱ ላይ የወደቀች አንዲት ጭራሮ አነሳ።