ለዳገቱ የተገዛ ነፋስ

ሙቱኩ ድንች የሚጭንባት ፒካፕ ማይ ማሂዩ የሚባለው ዳገት ላይ እየለገመች ብታስቸግረው፣ ሚስቱ ዶሮዎቿን ሸጣ የሞተር ጉልበት ይጨምራል የተባለ የኤሌክትሪክ አየር መግፊያ ገዛችለት። ሲያስገጥምላት ፒካፗ ጭራሽ ባሰባት።

መካኒኳ ንያዊራ ኮፈኑን ከፍታ አየችና ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከጸጉር ማድረቂያ አይሻልም። ሞተር የሚገፋ ነፋስ ከዚህች ባትሪ አይወጣም፤ እንዲያውም የአየሩን መንገድ ዘግቶባታል። የሸጠልዎት ሰው ሌባ ነው።»

«ቀስ በይ ልጄ፣ የሚስቴ ስጦታ ነው።»

ንያዊራ አቧራ የጠጣውን የአየር ፊልትሮ ቀየረች፤ መግፊያውን ነቅላ የሹፌሩ ፊት ላይ እንዲነፍስ አድርጋ ጋቢናው ውስጥ አሰረችው።

ከገበያ ሲመለስ ሚስቱ ደጅ ጠብቃ፣ «እህ፣ ሠራ?» አለችው።

«ዳገቱን ላብ ጠብ ሳይለኝ ወጣሁት» አላት፤ አልዋሸም።